አፍ የሌለው ዱቄት

የቆዳ ፋብሪካ ሴት በአውቶቡስ ቦታ አጥታ አታውቅም። ገና እግሯን ስታስገባ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ወደ ጥግ ይሸሻል፤ ቀጥሎ መስኮት ይከፈታል፤ ቀጥሎ ሰውዬው «ለካ ወራጅ ነኝ» ይልና ይነሣል። አውራጣት የሚሏት ሴት በዚህ ዝምተኛ ስድብ መካከል ሃያ ስድስት ዓመት ተመላልሳለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። ኋላ ሳቅ ተማረች። «ተንፈላስሼ የምሄደው እኔ፣ ቆሞ የሚሄደው እሱ፤ ታዲያ ማነው የተጎዳው?» ትላለች ለጓደኞቿ። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም ነበር።

ፋብሪካ ስትገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ስሟን ትጽፋለች፣ የሌላውንም ሰው ስም ቀስ ብላ ታነባለች። የመደቧት ጠጉር ቤት ነበር። ጠጉር ቤት ማለት ጥሬው ቆዳ ከጨው መጋዘን መጥቶ፣ ታጥቦ፣ ጠጉሩን የሚጥልበት ክፍል ነው። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ጣሪያው ሁልጊዜ የሚያንጠባጥብ። በግራና በቀኝ ስድስት ድራም ቆሟል። ድራም የሚባለው ከወፍራም ሳንቃ የተሠራ፣ አንድ ክፍል ቤት የሚያክል፣ ቆዳውን ከነውሃው በሆዱ ይዞ ቀስ እያለ ሲሽከረከር የሚውል ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ከቆዳው ጋር የሚጨመረው ኖራና «ቢጫው» ነበር። ቢጫው ሰልፋይድ የሚባል ስም አለው፤ እንደ ተፈረካከሰ ሳሙና ሆኖ በብረት በርሜል ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ጠጉሩን አቅልጠው ጭቃ ያደርጉታል። ጠጉር የሚያቀልጥ ነገር ደግሞ የሰው እጅ ሲያገኝ «ይቅርታ፣ የሰው ነው» ብሎ አያልፍም። በመጀመሪያው ዓመት ጓንቷ ተቀዶ ሳታውቅ ሁለት ጥፍሯ ወለቀ። አለቆቹ «ይበቅላል» አሏት። እውነታቸውን ነው፣ በቅሏል፤ ግን ጠምሞ።

ባሏም የዚያው ፋብሪካ ሰው ነበር፤ ጠጉር ቤቱ የሚያፈሰው ሁሉ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ የሚጠርግ። «እኔና አንቺ ብንጋባ ማንም ማንንም ሸተትክ አይልም» ብሎ ነው የጠየቃት። በዚህ ሳቀች፣ በዚህ ተጋቡ። ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ቤት ሲገባ በር ላይ ቆሞ «ሽቶዬን ቀብቼ መጥቻለሁ» ይላል። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ልጅቷ ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉድጓዱ ተዘጋ። አንድ ባልደረባው አካፋ ይዞ ወረደና አልተመለሰም። ባሏ እሱን ሊያወጣ ወረደ። የቢጫው ፍሳሽ ከሌላው ክፍል ከሚመጣው አሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይወልዳል። ጋዙ ሲያንስ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አይሸትም፣ አፍንጫን ቀድሞ ይገድለዋልና። ሁለቱንም በገመድ ጎትቶ ያወጣቸው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱም እዚያው ድራም ጫኝ ነበር። ወንድሙን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ግቢው መካከል ተቀምጦ፣ ሰው ቢለው አልለቅም አለ።

ለቅሶ የመጡት አለቆች «ቀኑ ደርሶ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሏት። ቀኑ አይደለም የደረሰው፣ እናንተ ናችሁ ያልደረሳችሁለት፤ ይህን በሆዷ ብላዋለች። በአፏ ግን አላወጣችውም። ልጅ ያላት፣ እንጀራዋም በእነሱው እጅ የሆነ ሴት ምን አፍ አላት?

የባሏ ወንድም ግን ወንድም ሆነላት። የልጅቷን ደብተር የሚገዛ እሱ፣ ዩኒፎርም የሚያሰፋ እሱ፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ እጇን ይዞ የሚያደርስ እሱ። «እትዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ አሳድጊ፣ ሌላውን ለኔ ተይው» ይላት ነበር። እንዲህ ያለ ውለታ አይረሳም። አልረሳችውምም፤ ኋላ የመጣውን ጣጣ መራራ ያደረገውም ይኸው ነው።

ጊዜ ሄደ፤ እሱ የጠጉር ቤቱ ፎርማን ሆነ። ባሏ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ከውጭ የሚገዙት የጫማ ሠሪዎች ደብዳቤ ጻፉ፤ ውሃ በመርዝ የሚበክል ፋብሪካ የሠራውን ቆዳ አንገዛም የሚል። ያን ሰሞን ደግሞ ከወንዙ ግርጌ ያሉ ገበሬዎች የሞተ ዓሣ በሳፋ ሞልተው አምጥተው የፋብሪካው በር ላይ ደፉት። ዓሣውን ዘበኛው ጠረገው፤ ደብዳቤው ግን አልተጠረገም። በወሩ መነጽር ያደረገ ቀጭን ኬሚስት አንድ ጭነት ከረጢት አስከትሎ መጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አለች አንዷ የጠጉር ቤት ሴት።

«ኢንዛይም ነው» አላት።

«እሱስ ይሁን፤ ምን ይሠራል?»

«ጠጉር ያነሣል።»

«ዱቄት? ዱቄት ይላጫል?» ሳቁ ጣሪያውን አነጋገረው። «እንግዲያው ለባሌ ጢም ትንሽ ቆንጥርልኝ፤ ለምላጭ ገንዘብ ሲያስወጣኝ ነው የኖረው!»

ኬሚስቱ አብሮ ሳቀና የድራሙ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። «እርሾ ሊጡን እንዴት ነው የሚያነሣው? ሕይወት ስላለው አይደል? በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው። እነሱን የመሰሉ ሌሎችም አሉ። በትልልቅ የብረት ጋን ውስጥ ይቀለባሉ፣ ይራባሉ፣ ከሰውነታቸው የሚወጣው ነገር ይጣራና ይደርቃል፤ ይኸው ዱቄት ይሆናል። ጠጉሩን አያቀልጠውም። ጠጉሩን ጨብጣ የያዘችውን ሥር ብቻ ነው የሚበላት። እሷ ስትላላ ጠጉሩ ሙሉውን ይወጣል።»

«ሰው እጅ ላይስ?» አለች አውራጣት።

«ጓንትዎን ያድርጉ፤ ሲበንም አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ግን ጥፍር አይነቅልም።»

«ጉድጓድ ውስጥስ?»

ኬሚስቱ አዲስ ስለነበር ለምን እንደጠየቀች አልገባውም። «ቢጫው ከሌለ ያ ጋዝ የለም» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ተነሥታ አምስተኛው ድራም ጀርባ ሄደች፤ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ሴቶቹ ደስ ብሏት ነው አሉ። አልነበረም። ንዴት ነው፤ ከእግር ጥፍሯ የተነሣ ንዴት። ይሄ ነገር በዓለም ላይ ነበር ማለት ነው? የሆነ ቦታ፣ በሆነ ጋን ውስጥ ሲቀለብ ነበር? የሁለት ሰው ሬሳ ያላመጣውን የጫማ ነጋዴ ደብዳቤ አመጣው!

ዱቄቱ ግን እንደ ኖራ አይደለም። ኖራ ታጋሽ ነው። ቆዳው አንድ ቀን ቢረሳበት፣ ሁለት ቀን ቢያድርበት፣ ትንሽ ያብጣል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ የጠጉር ቤት ሰው ሲደክመው፣ ወይ ሲቸኩል፣ ድራሙን ያቆምና «ይደር» ብሎ ይሄዳል። «ይደር» እዚያ ቤት ውስጥ እንደ ደህና እደሩ የሚባል ቃል ነበር። ዱቄቱ ይደር አያውቅም። ሥሯን በልቶ ሲጨርስ «በቃኝ» ብሎ አይቀመጥም፤ የቆዳውን ፊት ይጀምራል። ስለዚህ ልክ በሰዓቱ ውሃውን ማፍሰስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው። ሰዓቱ መቼ ነው? ኬሚስቱ በወረቀት አስልቶ መጣ፤ ወረቀቱ ግን ያረጀ በግና የጠቦት ቆዳ አይለይም፣ ሞቃት ቀንና ቀዝቃዛ ቀን አይለይም። ሦስት ጭነት ካበላሹ በኋላ እሷ አንድ ቆዳ መዝዛ አወጣች፣ አንገቱ ላይ በአውራ ጣቷ አሸችው፣ መለሰችው። ቆይታ ደግማ አሸችው። በሦስተኛው ጠጉሩ ከጣቷ ሥር እየተጠቀለለ ሲሸሽ «አሁን! አፍስሱ!» ብላ ጮኸች። ቆዳው እንደ ሕፃን ጉንጭ ሆኖ ወጣ። ኬሚስቱ ሰዓቱን ጻፈ። ከዚያ ወዲያ እሷ ሳትነካው የሚፈስስ ድራም የለም፤ ስሟም የወጣው ያን ቀን ነው፤ «እትዬ አውራጣት»።

ሽታው በወሩ ቀነሰ። ጠጉሩ ሙሉውን እየወጣ በወንፊት ይያዛል፣ ይደርቃል፣ በጆንያ ታስሮ ምንጣፍ ለሚሠሩ ሰዎች ይሄዳል። ፍሳሹ እንኳ መልኩ ውሃ መሰለ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት አጠገቧ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሳትነሣ ሄደች፤ ጭራሽ ሰዓት ስንት ነው ብላ ጠየቀቻት። ቤቷ ገብታ ለልጇ እንደ ሽልማት ነገረቻት።

ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትታ ተቀምጣ ነበር። እናቷ «እኔ ቆሜ ልጄ ጠጉር ቤት አትገባም» ብላ ምላለች። ዱቄቱ ከመጣ በኋላ መሐላዋን አነሣች። ልጅቷ ተቀጠረች፤ የመደቧትም ጠጉሩ የሚያዝበት ወንፊት ላይ ነው። ወንፊቱ ያለው ደግሞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። አባቷ የወረደበት ጉድጓድ። በዱቄቱ ጊዜ ምንም አልነበረም፤ ልጅቷ እዚያ ቆማ እየዘፈነች ነው ጠጉር የምትዝቀው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፎርማኑ ሦስት ቁጥር ድራምን አራት መቶ የበግ ቆዳ ሞላው።

«በዚህ ሰዓት አስገባህ?» አለችው። ቅዳሜ እሷ የምትወጣው ስድስት ሰዓት ነው።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ሰኞ ጭነት አለ።»

«የሚደርሰው አሥር ሰዓት ነው። እኔ ልቆይ።»

«ሂጂ ባክሽ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆመሽ ከርመሽ። ጣት እንደሆነ እኔም አለኝ፤ አሥር!»

«እየቀለድክ ነው። አፍስሰህ፣ አጥበህ ነው የምትወጣው። ሰምተኸኛል?»

«ኧረ ዛሬ ነው እንዴ የተወለድኩት?»

ሄደች። መሄዷን ኋላ ስንት ጊዜ ረግማዋለች።

ሰኞ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ሦስት ቁጥርን ስትከፍተው ቅዳሜ የገባው ውሃ፣ ያው ራሱ፣ እግሯ ላይ ደረሰ። አልፈሰሰም። አልታጠበም። አንድ ቆዳ ሳበችና በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ወጣ። ውሃ የነካው ዳቦ ነበር የመሰለው።

ፎርማኑ ከኋላዋ ደረሰ። አየ። ከንፈሩ ደረቀ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው አንጀቷን ያሳረረው፤ ሳይጮህ፣ ራሱን ሳይይዝ፣ ወዮ ሳይል፣ ጎንበስ ብሎ የማፍሰሻውን መክፈቻ አዞረውና ውሃውን አስወገደው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ዝም በይ እትዬ። ለነፍስሽ ዝም በይ።»

ሁለት ሰዓት ላይ የፋብሪካው ባለቤት መጣ። ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው፤ የማይጮህ ሰው ነው፣ ይህም ከጩኸት ይብሳል። አንዱን ቆዳ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ያዘው፤ ቆዳው በገዛ ክብደቱ ተቀደደ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ዱቄቱ ነው ጋሼ» አለ ፎርማኑ። «በላው። ሰዓቱን ጠብቀን አፍስሰን ነበር። ዱቄቱ የማይታመን ነገር ነው።»

ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እነዚያ ሲስቁ የነበሩት ሁሉ «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ማለት ጀመሩ። ኬሚስቱ «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝና ላጥናው» ቢል፣ «አንተ አጥና፣ እኔ ልሽጥ» አለው ባለቤቱ። «ከሐሙስ ጀምሮ ወደ ድሮው። ቢጫው መጋዘን አለ አይደለም?»

«ሠላሳ በርሜል አለ ጋሼ» አለ ፎርማኑ። ቶሎ ነው ያለው።

እሷ ዝም አለች። ምላሷ ላይ የተቀመጠው የልጇ ደብተር ነው፤ ዩኒፎርሙ ነው፤ ያ እጅ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ፎርማኑ ከጀርባው ግድግዳ ጥግ ወደተቀመጠችበት መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«አመሰግናለሁ እትዬ።»

«ምን አደረግሁልህ?»

«ዝም አልሽልኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ለምን ነው ያላፈሰስከው? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

መሬቱን በእንጨት ጫረ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነካሁት፤ አልደረሰም። የቤቴን ቆርቆሮ የሚመታልኝ ሰው ቀጥሬ ነበር... አቆምኩትና ይደር አልኩ። ሃያ ዓመት ይደር ስንል ምን ሆነ? አፌ ለምዶት ነው።»

«እሺ፣ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል። ታዲያ ይህን ለጋሼ ንገረው።»

«እንዲያባርረኝ? አራት ልጅ አለኝ እኮ እትዬ። ዱቄቱ ልጅ የለው፣ ዱቄቱ አይባረር። ዱቄቱ አፍ የለው፣ አይከራከር። በእሱ ላይ ብንደፋው ማን ይጎዳል?»

ዘወር ብላ አየችው። «ማን ይጎዳል ነው ያልከኝ? አንተ? ያን ቀን ገመድ የያዝከው አንተ ነህ ይህን የምትጠይቀኝ?»

«ያን ጊዜ ሌላ ነው። አሁን ጭምብል አለ...»

«የታለ? ስንት ነው? አሳየኝ።»

እንጨቱን ጣለና ተነሣ። «እስከ ረቡዕ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ» አለችው። «በአንተ አፍ ይውጣ። ካንተ አፍ ቢወጣ ያምርብሃል።»

ማክሰኞ አልተናገረም። ሲያያት በሌላ በር ይዞራል። ረቡዕ ጠዋት በርሜሎቹ ከመጋዘን መውጣት ጀመሩ። አውራጣት አንድ ቁጥር ድራም ሥር ቆማ ሳለ ብረት መሬት ሲያንገጫግጭ ሰማች፤ ዞራ ብታይ አንዱን በርሜል እያንከባለለች የምታመጣው ልጇ ናት። በባዶ እጇ። እየሳቀች።

«እማ፣ ቢጫው ቢጫው የምትሉት ይሄ ነው እንዴ?» አለችና በስንጥቁ የወጣችውን አንዲት ቅርፊት በጥፍሯ ጫፍ አነሣቻት። «ኧረ የሚያምር ነገር ነው!»

እሳት ለበሰች። የልጇን እጅ መትታ ቅርፊቷን አስጣለቻት፤ ጎትታ ቧንቧ ሥር ወስዳ እስኪቀላ አጠበቻት፤ ልጅቷ «እማ፣ ምን ሆነሻል? እያመመኝ ነው!» ስትል አልሰማቻትም። ከዚያ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ግቢው መካከል ባለቤቱ፣ ኬሚስቱና ፎርማኑ ወደቆሙበት ሄደች።

«ጋሼ፣ ሦስት ቁጥርን ዱቄቱ አይደለም ያበላሸው።»

ፎርማኑ «እትዬ...» አለ።

«ማነው ታዲያ?» አለ ባለቤቱ።

የመጨረሻ አንድ ጊዜ ፎርማኑን አየችው። ጊዜ ሰጠችው፤ ሁለት ትንፋሽ የሚያህል። እሱ ጫማውን ያያል።

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ድራሙን አቁሞ፣ ሳያፈስስ፣ ይደር ብሎ የሄደው የባሌ ወንድም ነው። ሰኞ እኔ ስከፍተው ውሃው ውስጡ ነበር። እጄ ነክቶታል። ያፈሰሰው ሰኞ ጠዋት ነው፣ ዓይኔ እያየ።»

ፎርማን አላለችም። የባሌ ወንድም አለች። ግቢው ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ የማን ባል፣ የትኛው ወንድም እንደሆነ ያውቃል።

«እውነት ነው?» አለ ባለቤቱ። ፎርማኑ ዓይኑን ከጫማው አላነሣም። ነገር ግን ባለቤቱ ነጋዴ ነው፤ አሰበ፣ ጢሙን ዳበሰ፣ እንዲህም አለ፤ «እሺ፣ ስህተቱ የሰው ነው። ቢሆንም ሰው ነገም ይሳሳታል። ዱቄቱ ስህተት አይምርም። ኖራና ቢጫው ይምራል። እኔ የሚምረውን ነው የምፈልገው።»

ያኔ ነው ዓመታት ሙሉ በሆዷ የተኛው የወጣው።

«ይምራል? ማንን ነው የሚምረው ጋሼ? ቆዳውን! የበጉን ቆዳ ይምራል፤ የሰውን አይምርም! ይኸው ጥፍሬ፤ ይዩት፤ ምሮኛል? እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሰው ገብቶ ምሯቸዋል? እናንተ ደግሞ ቤቴ መጥታችሁ ቀኑ ደርሶ ነው አላችሁኝ! ማን ቀጠረው ቀኑን? አሁን ደግሞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ልጄን አቁማችሁ ይምራል ትሉኛላችሁ? አንድ ጭነት ቆዳ ሲበላሽ በሦስተኛው ቀን ሥራ ይቀየራል፤ ሰው ሲሞት አሥራ አራት ዓመት! ለበጉ ያዘናችሁትን ያህል እንኳ...» ወደ በርሜሎቹ ዞረች። «ያንን በርሜል የሚከፍት ካለ ይክፈት። እኔ አልከፍትም፣ ልጄም አትከፍትም።»

የጠጉር ቤት ሴቶች በሩ ላይ ተሰብስበዋል። ያቺ ስለ ባሏ ጢም የቀለደችው «እኔም አልከፍትም» አለች። ሌላዋ ጓንቷን አውልቃ መሬት ጣለች።

ኬሚስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ገዢዎቹ በመጪው ወር ፍሳሹን ሊመረምሩ ይመጣሉ። ቢጫ ካገኙ...» አለና ተወው። የባለቤቱ ልብ የተመታው በዚህ ይሁን በሴቶቹ፣ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አውራጣት ግን ስለ ሟች ብሎ አይደለም ብላ ነው የምታምነው፤ እስከ ዛሬም።

«ዱቄቱ ሌላ ጊዜ ቢያበላሽብኝ ማንን ልያዝ?» አለ።

«እኔን ይያዙ። ግን የድራሞቹን ቁልፍ ለእኔ ይስጡ። ሰው ከወጣ በኋላ የሚደርስ ድራም አይሞላም። ይደር የሚባል ቃል ከዚህ ቤት ይውጣ።»

ቁልፉን ሰጣት። ማዕረጉን ግን አልሰጣትም፤ ሥራውን የፎርማን፣ ስሙን የተራ ሴት አድርጎ ተወው። ፎርማኑን አላባረረውም፤ ጨው መጋዘን አወረደው። በርሜሎቹን ጭነው የት እንደወሰዷቸው ማንም አልነገራትም፤ ይህም ያናድዳታል።

ሰው ያጨበጨበላት እንዳይመስላችሁ። በማግሥቱ የፎርማኑ ሚስት የፋብሪካው በር ላይ ጠበቀቻት። «ውሻ እንኳ ያጎረሰውን እጅ አይነክስም!» አለቻት፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። «ልጅሽን ያሳደገው ማነው? እንዲህ ነው የሚከፈለው?»

«ልጄን ያሳደገልኝ እንዲገድላት አይደለም» አለቻትና አለፈች።

ልጅቷም ሁለት ሳምንት አኮረፈቻት። «አጎቴን ሰው ፊት!» አለች። «ለብቻው ልትነግሪው አትችይም ነበር?» ነግሬዋለሁ ብትላት አላመነቻትም። በመጨረሻ አንድ እሁድ እናትየው ልጅቷን አስቀመጠችና ያን ማክሰኞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት፤ ስለ ጋዙ፣ ሲበዛ ስለማይሸተው፤ አጎቷ ወንድሙን ታቅፎ አልለቅም ስላለው። ልጅቷ ይህን አታውቅም ነበር። አባትሽ ታሞ ነው የሞተው ብለው ነበር ያሳደጓት፤ የፋብሪካው ሰውም አፉን ይዞላት ነበር። አለቀሰች። ከዚያ «ታዲያ አጎቴ ይህን እያወቀ...» አለችና አልጨረሰችውም። እናትየውም አልጨረሰችላትም።

ክረምት ወጣ። ከጨው መጋዘን ቆዳ በጋሪ የሚያመጣው አሁን እሱ ነው። እሷ «እንዴት አደርክ» ትላለች፤ እሱ ጋሪውን ያያል።

አንድ ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ፣ አንድ ጋሪ ቆዳ እየገፋ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከስንት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር፤

«ጋሼ ሰኞ ይፈለጋል ብሏል። አስገቢው።»

«ዛሬ አይገባም። ሰኞ ጠዋት አምጣው።»

«እኔ ነኝ እኮ የምወቀሰው።»

«ይውቀስህ። ወደኔ ላከው፣ እኔ እነግረዋለሁ።»

«አንድ ጊዜ ነው እትዬ። እኔው ቆይቼ አፈሳለሁ። በልጆቼ።»

«በልጆችህ አትማል። አይገባም።»

ጋሪውን ለቀቀና ቀና አለ። ፊቱ የባሏን ፊት መሰለ፤ ሁለቱም ሲናደዱ ግንባራቸው ላይ አንዲት ሥር ትነሣለች።

«ወንድሜ ቢኖር እንዲህ አታደርጊኝም ነበር» አለ።

«ቢኖር?» ድምፅዋ በድራሞቹ መካከል ዞረ። «ቢኖር ትለኛለህ? ቢኖርማ ይህን በር እሱ ይይዘው ነበር፤ እኔም ቤቴ በተቀመጥኩ! እስቲ ቢኖር! ጋሪህን መልስ!»

ቆመ፣ ቆመና መለሰው። ጨው መጋዘኑ በር እስኪደርስ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ በማለዳ የሞላችው የሁለት ቁጥር ሰዓት ደርሶ ስለነበር ድራሙን ከፍታ አንድ ቆዳ አወጣች። አንገቱን በአውራ ጣቷ አሸችው፤ ዓይኗ ግን ጨው መጋዘኑ በር ላይ ቀርቶ ነበርና ደግማ ማሸት ግድ ሆነባት።